ዝጋ የሚለው ማሽን

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ይህ ደብተር ለሌላ ነገር ነበር የታሰበው። ሐኪሙ የደም ግፊቴን በየጠዋቱ እንድመዘግብ አዞኝ ነበር። ሁለት ገጽ መዘገብኩና ሰለቸኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ልመዘግብበት ነው።

የእህቴ ልጅ ትናንት መጣች። እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። አሁን አርባ አንድ ሞልቷታል፤ በውሃ መሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናት። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ኮቷን ሳታወልቅ ከተቀመጠች ነገር አለ ማለት ነው።

«አክስቴ፣ ስሌትሽ አልከፈት አለን» አለችኝ።

ስሌቴ የምትለው ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በሲ ቋንቋ የጻፍኩትን ፕሮግራም ነው። ከከተማው በላይ ባለው ግድብ ስንት ውሃ እንደተኛ፣ ወንዙም ምን ያህል እያመጣ እንደሆነ ይቀበልና የመልቀቂያው በር ስንት ሳንቲ ሜትር ይከፈት የሚለውን ይመልሳል። አራት ሺህ መስመር ነው። ሠላሳ አንድ ክረምት አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ያለ እኔ ፈቃድ አንዲት ፊደል አትነካም» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም መሥሪያ ቤቱ ቃሌን አክብሯል።

የክፍሏ ልጆች አዲስ ፕሮግራም ፓይተን በሚባል ቋንቋ ጽፈዋል፤ ሥዕሉ፣ ማስጠንቀቂያው፣ ሰንጠረዡ ሁሉ በሱ ነው። ስሌቱን ግን አልደፈሩትም። ፓይተኑ ቁጥሩን ይዞ የኔን ሲ ይጠራል፣ መልሱን ተቀብሎ ይመለሳል። በመካከል ያለችውን አጭር ኮድ «ድልድይ» ይሏታል። በዋናው ቢሮ ማሽን ላይ ይሠራል። በግድቡ በር ቤት የነበረው አሮጌ ማሽን ግን ሞቶ በምትኩ የመጣው አዲሱ ሲስተሙ ሌላ ነው፤ እዚያ ስሌቴን ሲጠሩት «እንዲህ ያለ ፋይል አላውቅም» ይላል።

ሥራ አስኪያጁ እስከ ሐምሌ ሃያ ቀን ሰጥቷቸዋል። በሁለቱም ማሽን ካልሠራ ከውጭ ዝግጁ ፕሮግራም ያመጣል፤ የኔ ስሌት መጋዘን ይገባል፣ የሷም ክፍል ይታጠፋል።

ሥራ እንደሚበዛብኝ ነግሬአታለሁ። ሐሙስ ግን እሄዳለሁ።


ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ሄድኩ። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ «ለጥገና» የሚል ወረቀት ለጥፎ ቆሟል፤ ወረቀቱ ራሱ ቢጫ ሆኗል። ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ የሚያዛጋ ማራገቢያ። ጸጉሩን እስከ ትከሻው ያሳደገ ወጣት ተነሥቶ ወንበሩን ሰጠኝ።

«እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

«እማማ የወለደችህ ናት። እኔ የሥራ ባልደረባህ ነኝ።»

«እሺ እማማ» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ።

የእህቴ ልጅ ቢሮ ውስጥ «እርስዎ» ትለኛለች። ቤት «አንቺ» ነኝ። ይህን ሥርዓት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ሲፈጸም ማየት ደስ ይላል።

ችግሩ ከባድ አልነበረም። በሲ የተጻፈ ነገር ወደ ማሽን ቋንቋ ሲለወጥ ለአንድ ሲስተም የተለወጠው ለሌላው ድንጋይ ነው። እንደገና እዚያው ለዚያው ማሽን መለወጥ አለበት። ደግሞም ያኛው ሲስተም ከስሌቱ የትኞቹ ክፍሎች ለውጭ ጠሪ እንደሚከፈቱ በግልጽ ካልተነገረው ሁሉንም ቆልፎ ይቀመጣል። የሚከፈቱትን ስሞች ዘርዝሬ ሰጠኋቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለቀ።

ጸጉረ ረጅሙ «እኛ እኮ ሁለት ሳምንት ታግለናል» አለ። ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴን አላመመኝም።


ዓርብ፣ ሰኔ 6

በር ቤት። የበሩን ጠባቂ «አባ ዝምታ» ይሉታል፤ ሃያ ዓመት እዚያ ኖሮ ሃያ ዓረፍተ ነገር አልተናገረም። ሁለት መቶ ቁጥሮች ከቀድሞ መዛግብት መርጬ በሁለቱም ማሽን አስሞከርኩ። እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንድ።

ጸጉረ ረጅሙ «ግድቡ ጢም ሲል የሚመጣውን ቁጥርስ እንሞክር?» አለ። ቁጥር ቁጥር ነው አልኩት፤ ለትንሹ ልክ የሆነ ለትልቁም ልክ ነው። ሰዓቱም መሽቶ ነበር።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ዝናቡ በደንብ ጀምሯል። ግድቡ ግማሹን አልፏል። ሁሉም ሰላም።

አንድ ነገር ብቻ። ፊርማ ለማስፈረም ወደ አስተዳደር ስሄድ የሥራ አስኪያጁ በር ገርበብ ብሎ ነበር። «አንድ ከተማ ሕዝብ በአንዲት አሮጊት ኮድ ሥር ተኝቶ ያድራል፤ ይህ ያስኬዳል?» ሲል ሰማሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጆሮ ግን እንግዳ ተቀባይ ነው።

አልተቀየምኩም። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ አሮጊት ነኝ። ኮዱ ግን አላረጀም።


ሐሙስ፣ ሰኔ 26

አሮጊት ማለቱን ትቼዋለሁ። «ያስኬዳል?» ያለውን ግን አልተውኩትም።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ጠዋት በአንድ ሰዓት ስልክ። አባ ዝምታ ነው።

«እትዬ፣ ማሽኑ ዝጋ ይላል።»

«ውሃው የት ደርሷል?»

«ከፍ ብሏል። አልዘጋሁም።»

ዘጋው፤ ስልኩን ማለቴ ነው። በዋናው ቢሮ ያለው ማሽን ለዚያው ውሃ አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፈት ይላል። የበር ቤቱ ዜሮ ይላል። ዜሮ ማለት ዝጋ ማለት ነው። በሙሉ ክረምት፣ በሚሞላ ግድብ ላይ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ማሽኑን አምኖ ይዘጋ ነበር። ከሥሩ ያሉትን ቤቶች አሰብኳቸው፤ ከመስኮቴ ጣሪያቸው ይታየኛል።

አንድ ስሌት፣ አንድ ቁጥር፣ ሁለት መልስ። እየሄድኩ ነው።


ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ለመጻፍ ጊዜ የለም። ከሁለት ቢሊዮን ሊትር በታች ልክ። ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል ስህተት። ድልድዩ ነው። ድልድዩ መሆን አለበት። አሥር ጊዜ ነገርኳቸው፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

የእህቴ ልጅ፦ «ድልድዩን ሦስቴ አየነው።»

እኔ፦ «አራተኛ እዩት።»

ማታ አብራኝ እኔ ቤት ገብታ፣ እራት ላይ፣ «ጨው ያቀብሉኝ» አለችኝ። ያቀብሉኝ። በገዛ ጠረጴዛዬ።


እሑድ፣ ሐምሌ 13

ዝናብ ስለሆነ ከቤት አልወጣሁም፤ ስለዚህ በሰፊው እጽፋለሁ።

የእህቴ ልጅ ከትናንት ጀምሮ በር ቤት ናት። ወደ ግድቡ የሚሄደው የመረጃ መስመር በዝናብ ጊዜ ይቆራረጣል፤ መስመሩ ሲቆረጥ የበር ቤቱ ማሽን ብቻውን ነው የሚወስነው። ስለዚህ እሷ ራሷ እዚያ ሆና በየሁለት ሰዓቱ ውሃውን እያነበበች፣ ከቢሮው በታተመ ሰንጠረዥ እያመሳከረች፣ ለአባ ዝምታ ስንት እንደሚከፍት ትነግረዋለች። ቡትስ ጫማዋን ይዛለች። ካፖርቷን ግን ረስታዋለች፤ በር ላይ ተሰቅሎ አየዋለሁ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ላስረዳ። ውሃውን በሊትር የቆጠርኩት በከንቱ አይደለም። መምህራችን ክፍልፋይ ይጠሉ ነበር። «ሙሉ ቁጥር እያለ ነጥብ የሚጽፍ ሰነፍ ነው» እያሉ በካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዷን አሃዝ በየቤቷ ያስቀምጡን ነበር፤ ከካሬዋ የወጣች አሃዝ ዜሮ ታገኛለች። በሜትር ኩብ ብቆጥረው ነጥብ ይመጣል። በሊትር ንጹሕ ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ውሃ ሲመጣ ደግሞ መለኪያው ተበላሽቷል ማለት ነውና ፕሮግራሜ ዝም ብሎ በሩን ይዘጋል፤ በዚያን ዘመን የምንፈራው ጎርፍ ሳይሆን ውሃ በከንቱ መፍሰሱን ነበር። ሁሉም ነገር ታስቦበታል።

ትናንት የቢሮው ልጆች ቁጥሩን እያጠበቡ እያጠበቡ ድንበሩን አግኝተውታል። እስከ 2,147,483,647 ልክ ነው። አንዲት ሊትር ስትጨመር ስህተት።

የቀድሞውን የወረቀት ቅጂ ከቁም ሣጥን አወጣሁት። የመስመር ወረቀት፣ ጫፉ ባለ ቀዳዳ፣ ክብደቱ እንደ ሕፃን። ገጽ አሥራ አራት ላይ ደረስኩ።

ሾርባው ሊፈላ ነው። ስለ ገጽ አሥራ አራት ሌላ ጊዜ።


ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ቢሮ አልሄድኩም። ጉንፋን ቢጤ። ጸጉረ ረጅሙ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ ተኝቼ ነበር።

አልተኛሁም ነበር።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ረፋዱ ላይ መጣች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ፎጣ ሰጠኋት፣ ሻይ አፈላሁላት። ላፕቶፗን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አዞረችልኝ። በበር ቤቱ ማሽን ላይ ስሌቴ ምን ቁጥር እንደሚደርሰው አስጽፋዋለች። ፓይተን የላከው 2,150,000,000 ነው። ስሌቴ የተቀበለው ደግሞ፦

−2,144,967,296

«ውሃችን ከዜሮ በታች ወርዷል» አለች። «ስለዚህ ስሌትሽ መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ በሩን ይዘጋል። ሎንጉ ነው፣ አክስቴ።»

ሎንግ በሲ የቁጥር ዓይነት ነው፤ ረጅም ማለት ነው። ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ቋንቋው አይወስንም፤ ለየሲስተሙ ይተወዋል። በቢሮው ማሽንና በሞተው ማሽን ስድሳ አራት ቢት፣ ማለት ስድሳ አራት የአሃዝ ቤት ነው፣ ለባሕርም ይበቃል። በአዲሱ ማሽን ሠላሳ ሁለት ቢት ብቻ ነው። የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ዘጠኙን ሁሉ ሲጨርስ ተመልሶ ከዜሮ እንደሚጀምር፣ ይህም ጣሪያውን ሲነካ ተገልብጦ ከታች ይወጣል፤ ያውም ድምፅ ሳያሰማ። ፓይተን በበኩሉ ለሙሉ ቁጥር ጣሪያ የለውም፤ ድልድዩም «የዚህን ማሽን ሎንግ» ብዬ በስሌቴ እንዳዘዝኩት ይቆርጥለታል። ማንም አይጮህም። ሁሉም የታዘዘውን አድርጓል።

«መቼ አወቅሽ?» አልኳት።

«እሑድ።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?»

«ያለ ፈቃድሽ አንዲት ፊደል አትነካም፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፏል። ስልክ አታነሺም። ደግሞ...» ሻይዋን አማሰለች። «ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል። ምን እንዳልኳት እውነቱን ልጻፍ፦ «ሻይ ልጨምርልሽ?» ነው ያልኳት።

ተነሥታ ካፖርቷን ለበሰች። «ነገ በስብሰባው ድልድዩ ነው የተሳሳተው እላለሁ። የሎንግን ስፋት መፈተሽ የድልድዩ ሥራ ነበር፤ ድልድዩን ደግሞ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺ ፋይሉን እንድንነካው ብቻ ፍቀጂልን።»

«እሺ» አልኩ።

እሺ አልኩ። እንደዚያ ብዬ ሸኘኋት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ሳይነጋ ተነሣሁ። ገጽ አሥራ አራትን ከነቀዳዳው ቀድጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ደረጃውን በሁለት ዕረፍት ወጣሁት።

ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁ ከነክራቫቱ፣ የእህቴ ልጅ፣ ጸጉረ ረጅሙ፣ አንድ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ጸሐፊ። የእህቴ ልጅ እንዳለችው አለች። አሳምራ ነው ያለችው፤ ውሸት እንዲህ በሥርዓት ሲቀርብ ሰምቼ አላውቅም።

«ስለዚህ ስህተቱ የክፍልሽ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አዎ፣ የኔ ነው።»

ተነሣሁ።

«ይቀመጡ እትዬ፣ ይደክምዎታል» አለኝ።

«ስህተት ተቀምጦ አይነገርም። እኛ የተማርነው እንደዚያ ነው።»

ወረቀቱን ዘርግቼ አነበብኩላቸው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ረዳቴ የነበረ ቀጭን ሰው ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚናገር። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «በሌላ ማሽን ላይ ሎንግ ጠባብ ሊሆን ይችላል። ስፋቱን በግልጽ ብንጽፈውስ?» ከሥሩ በቀይ ቀለም፣ በኔ እጅ፣ በጣም በሚያምር ጽሕፈት፦ «ሌላ ማሽን የለም።»

በዓመቱ ሌላ ክፍል ተዛወረ። ራሱ ነው የጠየቀው።

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አንሥታ «ይህን ልጻፈው ወይስ ልተወው?» አለች።

«ጻፊው» አልኳት። «ቀይ ቀለሙንም ጭምር። ደግሞ ይህንንም ጻፊ፦ የተበላሸ ቁጥር ሲመጣ መናገር ሲገባው ዝም ብሎ በሩን እንዲዘጋ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሲሞላ የሚመጣውን ቁጥር እንሞክር ያለ ሰው ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። ድልድዩ የተላከበትን አድርሷል።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። «ሠላሳ አንድ ዓመት አልተሳሳተም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ተሳስቶ ነበር። ማሽኑ ይሸፍንለት ነበር።»

«እንግዲያው ዝግጁውን ማምጣቱ አይሻልም?»

ጸጉረ ረጅሙ እጁን ሳያወጣ ተናገረ፤ ሌላ ቀን ቢሆን እቆጣው ነበር። «ጌታዬ፣ ዝግጁው ሲሳሳት ማን ቆሞ ይነግረናል?»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ኅዳጉን ረጅም ጊዜ አየው። «እስከ ዓርብ» አለ በመጨረሻ። «በሁለቱም ማሽን። ሲሞላ የሚመጣውን ቁጥር ጭምር።»

ኮሪደሩ ላይ የእህቴ ልጅ አጠገቤ ሄደች፤ ቢሮ ውስጥ መሆናችንን ረስታ «አንቺ ግን...» አለች። እኔም አላረምኳት።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ቀኑን ሙሉ ሥራ። ሎንግ ያለበትን ሁሉ ስፋቱ በግልጽ ስድሳ አራት ቢት በተባለ ዓይነት ተካሁት፤ በየትም ማሽን አይጠብም። ድልድዩም ያንኑ እንዲል አደረጉት። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ከመጣ ስሌቱ ዝም አይልም፤ ስህተት ብሎ ይመልሳል፣ ፓይተኑም ደወል ይደውላል። ጸጉረ ረጅሙ ጎኔ ተቀምጦ መስመር እየቆጠረ ነበር። ስድሳ አንድ ቦታ። መስመር በመስመር፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ማያ ገጹ ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ለሁሉም ሰው ይመስለኛል።

«ጨረስኩ» አልኩ።

የእህቴ ልጅ የኔን ወንበር ሳበችና ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች። አርባ ደቂቃ። ልጅ ሳለች የቤት ሥራዋን እንደዚያ ነበር የማርምላት፤ ከጎኗ ቆሜ ትንፋሼን ውጬ። ዛሬ የቆምኩት ያው እኔ ነኝ፤ የሚታረመው ግን የኔ ነው።

«ስድሳ ሁለተኛ አለ» አለች፤ ማያ ገጹን ሳትለቅ። «የትናንቱን ውሃ የሚያስቀምጠው ጋ። አልፈውታል።»

በሁሉም ፊት። ሳታመነታ፣ ሳትለሳልስ፣ ልክ እኔ እንደማደርገው።

መነጽሬን አጸዳሁ። ስድሳ ሁለተኛዋን ራሷ እንድታርማት ነገርኳት። ከዚያም በቢሮውና በበር ቤቱ ማሽን ሞከርን፦ ከጣሪያው አንዲት ሊትር በታች፣ በትክክል ላዩ ላይ፣ አንዲት ሊትር በላይ፤ ከዚያ እስከ ሙሉ ግድብ ሁለት ቢሊዮን ስድስት መቶ ሚሊዮን። በሁለቱም አንድ።

ሕይወቴን ሙሉ ሰው ስህተቴን እንዳያገኝ ነው የሠራሁት። የሚያገኝ ሰው ማሳደጌን አላሰብኩትም ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ መጻፍ አልችልም፤ የሚቻለውን ጻፍኩ።


ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ከትናንት ማምሻ ጀምሮ ያልተቋረጠ ዝናብ። የመረጃ መስመሩ ተቆርጧል፤ የበር ቤቱ ማሽን ብቻውን ነው። የእህቴ ልጅ ሶፋው ላይ ልብሷን ሳታወልቅ ተኝታለች፤ እንዳትሄድ መንገዱ ተዘግቷል። እኔ መስኮቱ ጋ ነኝ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ። አባ ዝምታ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥቷል፤ ነፋሱ ይሰማኛል።

«ውሃው ሁለት ነጥብ ሁለት ቢሊዮን ደርሷል» አለ። «ማሽኑ ክፈት አለ። ሃምሳ ሦስት። ከፈትኩ።»

ወረቀት አንሥቼ በእጄ አሰላሁት። ሃምሳ ሦስት ነው።

«ልክ ነው» አልኩት። የእህቴ ልጅ ነቅታ ታየኛለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር።» ለሱ ይህ ንግግር ማድረግ ነው። «መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ። በአዲስ ማሽን ትእዛዝ በሩ መጀመሪያ ሲከፈት የስሌቱ ኃላፊ ተብሎ ስም ይጻፋል። የእርስዎን ልጻፍ?»

የእህቴን ልጅ ስም ነገርኩት። እሷ ከሶፋው ላይ ሆና «የአንቺን፣ የአንቺን» እያለች እጇን ታወዛውዛለች።

«የሁለታችንንም ጻፍ» አልኩት።

«ቦታው ለአንድ ስም ነው።»

«አጥብበህ ጻፍ።»

ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ጥቂት ቆይቶ፦

«ገቡ» አለ።